ካሴቱ አለ፤ ማንበቢያውስ?



ፎገራ ሩዝ ከመልመዱ በፊት ምን ይመስል እንደነበር የሚያስታውሱ ሽማግሌዎች ዛሬም በየቀበሌው አሉ። ክረምቱ ሲበረታ ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳውን ያለብሱታል፤ ጣና ወደ ምሥራቅ ገፍቶ ይመጣል፤ ውኃው ሲሸሽ ደግሞ ስመ ጥሩው የፎገራ ከብት በለምለሙ ሣር ላይ ይሰማራል። በደርግ ዘመን ከሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ጋር የገባው ሩዝ፣ በተለይም «ኤክስ ጅግና» የተባለው ዝርያ፣ ያን ረግረግና ግጦሽ ቀስ በቀስ ወደ ማሳ ለወጠው። የሽማግሌዎቹ ትዝታ እውነት ነው። ይሁንና ረግረጉ ስንት ሄክታር እንደነበር፣ ውኃው እስከየት ይደርስ እንደነበር ለክቶ ማስቀመጥ የሚሻ ተመራማሪ ከትዝታ ሌላ ምስል ያስፈልገዋል። የዚያ ዘመን የሳተላይት ምስል የሚገኘው ደግሞ ወረታ ወይም ባሕር ዳር አይደለም። አሜሪካ ውስጥ፣ በሳውዝ ዳኮታ ግዛት፣ ከሱ ፎልስ ከተማ አቅራቢያ ኤሮስ በሚባለው የመሬት ምልከታ ማእከል ነው። ለሃምሳ ዓመታት ጠብቆ ያቆየውም የማግኔት ቴፕ ነው።

የመጀመሪያዋ ላንድሳት ሳተላይት የተወነጨፈችው ሐምሌ 16 ቀን 1964 ዓ.ም. ነው። ምስሏ በዛሬ ዓይን ሲታይ ሻካራ ነው፤ አንዷ ነጥብ በየጎኗ 80 ሜትር ገደማ መሬት ትሸፍናለች። ለፎገራ ዓይነቱ ሰፊ ሜዳ ግን ይህ በቂ ነው፤ ውኃው ከየብሱ፣ ሣሩ ከማሳው ይለያል። ሳተላይቷ ከተቀባይ ጣቢያዎች ርቃ በምትበርበት ጊዜ ያየችውን የምትይዘው በውስጧ በተገጠሙ የቴፕ መቅረጫዎች ነበር። አሜሪካ ሰማይ ላይ ስትደርስ የቀረጸችውን መልሳ ታጫውተዋለች፤ ከታች ያሉት ሰዎችም በሌላ ቴፕ ይቀዱታል። ስለዚህ የዚያ ዘመን የኢትዮጵያ ምስል ከሰማይ ጀምሮ የቴፕ ልጅ ነው።

ቀጥሎ የሆነውን ማየት ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ1982 እና በ1984 የተላኩት ላንድሳት 4 እና 5 የቴፕ መቅረጫ አልተገጠመላቸውም። ያዩትን ወዲያው፣ ወይ በሌላ አስተላላፊ ሳተላይት ወይ በምድር ጣቢያ በኩል፣ ማውረድ ነበረባቸው። በአቅራቢያቸው ጣቢያ ያልነበራቸው የአፍሪካ አካባቢዎች የምስል መዝገብ በእነዚያ ዓመታት የሳሳው በከፊል በዚህ የተነሣ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1999 ላንድሳት 7 የራሷን ማከማቻ ይዛ እስክትወጣ ድረስ ክፍተቱ ቆየ። ሩዝ በፎገራ መስፋፋት የጀመረው ደግሞ በዚሁ ዘመን ነው። መረጃ የሚቀመጥበትን ዕቃ የሚመርጡ ሰዎች ውሳኔ፣ ስሙን ሰምተውት በማያውቁት አገር ታሪክ ላይ ቀዳዳ ሊተው እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማሳያ አይገኝም።

ኤሮስ የደረሱትን ሪሎች አንድ ቦታ ቆልፎ አልተቀመጠም። ሰፋፊዎቹን የእ.ኤ.አ. 1970ዎቹ ሪሎች ወደ ካሴት፣ ካሴቶቹን ደግሞ አቅማቸው ከፍ ወዳለ አዳዲስ ካሴቶች፣ በትውልድ በትውልድ ሲያሸጋግር ኖሯል። በየጥቂት ዓመቱም በገበያ ላይ ያሉትን የቴፕ ፎርማቶች ጎን ለጎን አስቀምጦ የሚመዝን ጥናት ያወጣ ነበር። የሚመዝነውም አቅምና ዋጋን ብቻ አልነበረም፤ ፍጥነትን፣ ጥንካሬን፣ የአምራቹን አቋምና ፎርማቱ ምን ያህል ተጠቃሚ እንዳለው ጭምር ነበር። የአሜሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2008 መጨረሻ መላውን የላንድሳት መዝገብ በነፃ ሲከፍት የሚከፈት ነገር የተገኘው በዚህ ትጋት ነው። ቀደም ሲል መዝገቡ በንግድ ድርጅት እጅ በነበረበት ጊዜ የአንድ ምስል ዋጋ እስከ 4,400 ዶላር ደርሶ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ደግሞ ማእከሉ በልዩ ልዩ አገሮች የተቀባይ ጣቢያዎች መጋዘን በአሮጌ ቴፕ የቀሩ ምስሎችን እያስመጣ፣ በሚሊዮን የሚቆጠሩትን ከመጥፋት አተረፈ። ዛሬ የጣናን ዳርቻ ለውጥ የሚያጠና የባሕር ዳር ተማሪ የ1960ዎቹን ዓ.ም. ምስል በስልኩ ኢንተርኔት ያወርዳል።

የዚህ ዲስኩር አቋም ከዚህ ይነሣል። አሮጌ ባክአፕ ቴፕ በእጁ ያለ መሥሪያ ቤት ፎርማት ሲመርጥ መጀመሪያ ሊጠይቅ የሚገባው «ስንት ጊጋባይት ይይዛል?» ብሎ ሳይሆን «ከሃያ ዓመት በኋላ ይህን የሚያነብ መሣሪያ ማን ዘንድ ይገኛል?» ብሎ ነው። የቴፑ ክር ብዙ ጊዜ ከታሰበው በላይ ይቆያል። ቀድሞ የሚሞተው ማንበቢያው ነው።

የራሳችን አገር ቆጠራ ሌላው ምሳሌ ነው። የኢትዮጵያ የመጀመሪያው ብሔራዊ የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በግንቦት 1976 ዓ.ም. ነው፤ ፎገራ በጎንደር ክፍለ ሀገር ሥር በነበረችበት ጊዜ። ጦርነት ስለነበር ሁሉም ቦታ አልተደረሰም፤ የአገሩ ሕዝብ ግን 42 ሚሊዮን ገደማ ተብሎ ወጣ። የታተመው ሠንጠረዥ በየቤተ መጻሕፍቱ አለ። ዋጋ ያለው ግን ከሠንጠረዡ በስተጀርባ ያለው የየሰው መረጃ ነው፤ ዕድሜ፣ ትምህርት፣ የወለዷቸው ልጆች ቁጥር። በዚያ ዘመን ይህን የመሰለ መረጃ በመላው ዓለም የሚቀመጠው በአመዛኙ በሪል ቴፕ ስለነበር የብዙ አገሮች ቆጠራ ከሪሉ ጋር ጠፍቷል። የኢትዮጵያው 1976 ተርፏል። ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው አይፐምስ የተባለው የቆጠራ መረጃ ክምችት ናሙናውን ከ1987 እና ከ1999 ቆጠራዎች ጎን አሰልፎ ለተመራማሪዎች ያቀርባል። ሦስቱን ቆጠራዎች አገናኝቶ የአንድ ትውልድን ለውጥ ማስላት የተቻለው መረጃው ሳይጠፋ ስለቆየ ነው።

እንግዲህ ወደ ዕቃዎቹ እንግባ።

ከሁሉ የሚቀድመው ክፍት ሪል ነው። አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1964 ካስተዋወቃቸው ትልልቅ ኮምፒውተሮች ጋር የመጣው ባለ 9 ትራክ ሪል ግማሽ ኢንች ስፋት፣ እስከ 730 ሜትር ርዝመት ያለው ክር ይጠመጠምበታል። አቅሙ እንደ አጻጻፉ ጥግግት ይለያያል፤ የተለመደው 40 ሜጋባይት ገደማ፣ ከፍተኛው 170 ሜጋባይት ገደማ ነው። ከጀርባው ባለው ክብ ጎድጓዳ መስመር ላይ የምትገባ ትንሽ የፕላስቲክ ቀለበት አለች። ቀለበቷ ካልገባች ማሽኑ ያነባል እንጂ አይጽፍም። ስለዚህ አሮጌ ሪል ያገኘ ሰው የመጀመሪያ ሥራው ጀርባውን አገላብጦ ቀለበቷ ካለች ማውጣት ነው። ይህን ሪል የሚያነቡ ማሽኖች ዛሬ በቀላሉ ስለማይገኙ ሪሉን ወደ ባለሙያ መላክ ይሻላል።

ከዚያ ወዲህ በየቢሮው የገቡት ትንንሾቹ ካሴቶች ናቸው። ኪውአይሲ የሚባለው፣ ከሥሩ የብረት ሳህን ያለው ካሴት እ.ኤ.አ. በ1972 በስሪኤም ኩባንያ የተጀመረ ነው። ችግሩ ክሩ ላይ ሳይሆን ክሩን በሚያንቀሳቅሰው ላስቲክ ላይ ነው። በካሴቱ ውስጥ ያለው ቀበቶ በዕድሜ ይላላል፣ አንዳንዴም ይበጠሳል፤ በማንበቢያው ውስጥ ያለው የጎማ ሮለር ደግሞ ቀልጦ እንደ ሙጫ ይጣበቃል። ዓመታት የተቀመጠ ኪውአይሲ ካሴት ሮለሩ ያልታደሰ ማንበቢያ ውስጥ ከገባ ጉዳቱ የማይመለስ ሊሆን ይችላል።

ዲዲኤስ ለብዙ ሰው ዓይን የሚቀርበው ነው። ሶኒና ኤችፒ እ.ኤ.አ. በ1989 ያወጡት ሲሆን መዳፍ ውስጥ የሚገባ፣ እንደ ሙዚቃ ካሴት ሁለት ጥቅል ያለው ነገር ግን ከእሱ ያነሰ ዕቃ ነው። ክሩ 4 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ጠርዙ ላይ ወዲያና ወዲህ የምትንሸራተት ትንሽ መዝጊያ አለች፤ ቀዳዳዋ ክፍት ሲሆን መጻፍ አይቻልም። የመጀመሪያው ትውልድ ከ1.3 እስከ 2 ጊጋባይት፣ ዲዲኤስ-3 12፣ ዲዲኤስ-4 20፣ ዳት 72 ደግሞ 36 ጊጋባይት ይይዛሉ። ርካሽ ስለነበር በየአነስተኛ መሥሪያ ቤቱ ተሰራጭቷል። በረጅም ጊዜ ሲታይ ግን ለመዝገብ የሚመረጥ ዕቃ አይደለም። ሄድ የሚባለው መጻፊያና ማንበቢያ ጫፍ በሚሽከረከር ከበሮ ላይ ስለተገጠመ ክሩ ላይ የሚጽፈው በሰያፍ ነው፤ የአንዱ ማሽን ከበሮ በጥቂቱ ካዘመመ እሱ የጻፈውን ሌላ ማሽን ላያነበው ይችላል። ይህ የታወቀ የዲዲኤስ ጠባይ ነው። ከዚህ የተነሣ አሮጌ ሰርቨር የሚያስወግድ ቢሮ ካሴቶቹ በሙሉ ተነብበው ሳያልቁ ማንበቢያውን መጣል የለበትም፤ ምናልባት እነዚያን ካሴቶች አጥርቶ የሚያነበው ማሽን እሱ ብቻ ሊሆን ይችላል። አዲሱን ገዝቶ መገላገልም አይቻልም፤ ዳት 72 ማንበቢያ እስከ ዲዲኤስ-3 ቢመለስ እንጂ ዲዲኤስ-1ን አያነብም።

ዲኤልቲ የተሻለ ነው። ዲጂታል ኢኩዊፕመንት የጀመረው፣ በኋላ ኳንተም የገዛው ይህ ካሴት ክሩ ግማሽ ኢንች ነው፤ የሚጻፈውም በቀጥታ በርዝመቱ ላይ ስለሆነ እንደ ዲዲኤስ በሄድ መዝመም አይቸገርም። በደንብ የተቀመጠ ዲኤልቲ ካሴት ከሃያ ዓመት በኋላም መነበቡ የተለመደ ነው። ኳንተም ግን እ.ኤ.አ. በ2007 ወደ ኤልቲኦ ፊቱን አዙሮ የዲኤልቲን ልማት አቆመ። ጥሩ ካሴት ነው፤ አዲስ መረጃ የሚጻፍበት ግን አይደለም።

የቀረው ኤልቲኦ ነው። ኤችፒ፣ አይቢኤምና ሲጌት በጋራ የነደፉት ይህ ፎርማት እ.ኤ.አ. በ2000 በ100 ጊጋባይት ገበያ ወጣ። ጥንካሬው ከአንድ በላይ ኩባንያ ሊሠራው መቻሉ ነው፤ አንዱ ቢወጣ ሌላው ይቀጥላል። ኤልቲኦ-5 1.5 ቴራባይት፣ ኤልቲኦ-7 6፣ እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ኤልቲኦ-9 ደግሞ 18 ቴራባይት ይይዛሉ። እስከ ኤልቲኦ-7 ድረስ ሕጉ አንድ ነበር፦ ማንበቢያው የራሱንና ከሱ በፊት ያሉትን ሁለት ትውልዶች ያነባል። በኤልቲኦ-8 እና በኤልቲኦ-9 ግን ወደ ኋላ የሚነበበው አንድ ትውልድ ብቻ ሆነ። ይህች ሕግ የግዢ ኮሚቴን ገንዘብ ታድናለች። የኤልቲኦ-3 ማንበቢያ ከ1 እስከ 3፣ የኤልቲኦ-6 ማንበቢያ ከ4 እስከ 6 ያነባሉ፤ ሁለት ያገለገሉ ማሽኖች ስድስት ትውልድ ይሸፍናሉ ማለት ነው። ጥንቃቄ የሚያሻው ገመዱ ነው። አሮጌው ማሽን የሚገናኘው አብዛኛውን ጊዜ ስካዚ በሚባል የገመድ ዓይነት ሲሆን፣ የስካዚ ካርዱ የሚገባበት አሮጌ ኮምፒውተርም አብሮ መቀመጥ አለበት።

ማንበቢያን ማቆየት ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ናሳ ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ1966 እና 67 የሉናር ኦርቢተር መንኮራኩሮች የጨረቃን ገጽ አንስተው የላኩት ምስል በአምፔክስ ኩባንያ ግዙፍ ሪሎች ላይ ተቀዳ። ሪሎቹ ሊጣሉ ሲሉ ናንሲ ኢቫንስ የተባሉ የናሳ ባልደረባ መጣላቸውን አልተቀበሉም፤ ማንበቢያ ማሽኖችንም አግኝተው ለዓመታት በግል ጠብቀው አቆዩ። እ.ኤ.አ. በ2008 ካሊፎርኒያ በሚገኘው የኤምስ ማእከል ግቢ፣ ቀድሞ ማክዶናልድስ ምግብ ቤት በነበረ ሕንፃ ውስጥ ማሽኖቹ ታድሰው ሪሎቹ ተነበቡ፤ የወጣውም ምስል እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ከታተመው እጅግ የጠራ ሆነ። በአንጻሩ የአፖሎ 11 ዋና የቴሌሜትሪ ቴፖች ሌላ መረጃ እንዲቀዳባቸው ሳይደመሰሱ እንዳልቀሩ ናሳ እ.ኤ.አ. በ2009 ይፋ አድርጓል። አንድ ተቋም ነው፤ አንዱን ያተረፈው የአንዲት ሴት ጽናት ነው።

ክሩ ተነበበ ማለት ግን ሥራው አለቀ ማለት አይደለም። ባክአፕ የሚያደርጉ ሶፍትዌሮች መረጃውን በየራሳቸው አሠራር አሽገው ነው የሚጽፉት። ታር በሚባለው የዩኒክስ አሠራር የተጻፈ ዛሬም በነፃ መሣሪያ ይከፈታል። በንግድ ሶፍትዌር የታሸገው ያን ሶፍትዌር፣ አንዳንዴም ያንኑ እትም ይጠይቃል። ከኤልቲኦ-4 ወዲህ ደግሞ ማሽኑ ራሱ መረጃውን በምስጢር ቁልፍ ሊዘጋው ይችላል፤ ቁልፉ ከሠራተኛው ጋር ከሄደ ክሩ ባዶ ነው።

ለአማርኛ ሰነድ ሌላ ከባድ ጉዳይ አለ፤ የውጭ መመሪያ መጻሕፍትም አያነሡትም። የኢትዮጵያ ፊደል ወደ ዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊትም፣ ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመታት በየመሥሪያ ቤቱ የተጻፈው በፓወር ግዕዝ፣ በቪዡዋል ግዕዝና በመሳሰሉት የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች ሲሆን እያንዳንዱ ፊደሉን የላቲን ሆሄያት ቦታ ላይ በራሱ አደራደር ያስቀምጥ ነበር። ይህን በዓይኑ ማየት የሚሻ አሮጌ የነጋሪት ጋዜጣ ፋይል ከፍቶ ከአማርኛው ክፍል አንድ መስመር ገልብጦ ሌላ ቦታ ይለጥፍ። ብዙ ጊዜ የሚያገኘው ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደልና የምልክት ድርድር ነው። ከቴፕ የወጣ የ1980ዎቹ ወይም የ1990ዎቹ ዓ.ም. ደብዳቤም እንዲሁ ይሆናል። ፋይሉ አልተበላሸም፤ የጠፋው ፎንቱ ነው። ስለዚህ አሮጌውን ቴፕ የሚያሸጋግር ባለሙያ በዚያ ዘመን የተጫኑትን ፎንቶች ከሰርቨሩ አብሮ ማውጣት፣ ፋይሉንም እንዳለ አስቀርቶ በዩኒኮድ የተለወጠ ሁለተኛ ቅጂ ጎኑ ማኖር ይገባዋል። የመጀመሪያውን ማጥፋት ስሕተት ነው፤ ለዋጭ ፕሮግራሞች አንዳንድ ፊደል ይስታሉና።

አሁን ወደ ፎገራ። ወረታ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ፣ በሐይቅ አጠገብ ባለ ዝቅተኛ ሜዳ ጠርዝ የተቀመጠች ከተማ ናት። የኤልቲኦ አምራቾች ለረጅም ጊዜ ማስቀመጫ የሚመክሩት ከ16 እስከ 25 ዲግሪ ሙቀትና ከ20 እስከ 50 በመቶ የአየር እርጥበት ነው። ሙቀቱ ከወይና ደጋ አየር ጋር በአመዛኙ ይስማማል። እርጥበቱ ግን ከሰኔ እስከ መስከረም ከዚህ ይበልጣል። እርጥበት ማግኔታዊውን ዱቄት ከፕላስቲኩ ጋር ያያያዘውን ሙጫ ይበላዋል፤ ክሩ ይጣበቃል፣ ሄዱም ላይ እየተላጠ ይቀራል። ካሴቱ አየር በማያስገባ ሳጥን ውስጥ፣ እርጥበት ከሚመጥ የሲሊካ ከረጢት ጋር መቀመጥ አለበት፤ ከማንበቡም በፊት በሚነበብበት ክፍል ውስጥ ሃያ አራት ሰዓት ማረፍ ይኖርበታል።

ከእርጥበቱ የከፋው ጎርፉ ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ርብና ጉማራ ፎገራንና ሊቦ ከምከምን እንዴት እንዳጥለቀለቁ ለአካባቢው ሰው መንገር አያስፈልግም። የአንድ መረጃ ሁለቱም ቅጂዎች ወረታ ካሉ ሁለት ቅጂ አለ ለማለት ያስቸግራል። መልካሙ ነገር መፍትሔው ሩቅ አለመሆኑ ነው። የዞኑ ከተማ ደብረ ታቦር 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ 2,700 ሜትር ላይ ተቀምጣለች፤ የርብ ጎርፍ እዚያ አይወጣም። አንደኛው ቅጂ ደብረ ታቦር፣ ሌላው ባሕር ዳር ቢቀመጥ ተመራጭ ነው።

ወረዳው ለራሱ የኤልቲኦ ማሽን ይግዛ? አይግዛ። አዲስ ማንበቢያ በውጭ ገበያ ብዙ ሺህ ዶላር ያወጣል፤ ካሴቱ ግን ከዚያ እጅግ ይረክሳል። ቴፕ የሚያዋጣው ብዙ መረጃ ላለው ነው። ለአንድ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ሰነድ ሁለት ሃርድ ዲስክ ይበቃል፤ ዲስኮቹ በየዓመቱ እየተሞከሩ በየአምስት ዓመቱ ገደማ መለወጥ አለባቸው። አንድ ማሽን ባሕር ዳር ላይ ለክልሉ ሁሉ ቢቆምና ወረዳዎች በየስድስት ወሩ ዲስካቸውን ቢልኩ፣ ከመረቡ የተለየ፣ ቫይረስም ሆነ የኮምፒውተር ዘራፊ የማይደርስበት ሦስተኛ ቅጂ ይገኛል። ጉግል እንኳ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2011 የጥቂት ተጠቃሚዎች የጂሜይል ደብዳቤዎች ከበርካታ ቅጂዎቻቸው በሶፍትዌር ስሕተት ሲጠፉ የመለሳቸው ከቴፕ ነው።

ቅድሚያ የሚገባው የመሬት መዝገብ ነው። አማራ ክልል የገጠር ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር መስጠት ከጀመረ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ መዝገቡም እየቆየ ወደ ኮምፒውተር ሥርዓት ገብቷል። በፎገራ የአንድ ማሳ ድንበር ጉዳይ የአንድ ቤተሰብ የሩዝ ጎተራ ጉዳይ ነው። ቀጥሎ በወረታው ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማእከል የሚሰበሰበው ዓይነት የሙከራ ማሳ መረጃ ይመጣል፤ አንዱ የዝናብ ወቅት ካለፈ ተመልሶ ሊለካ አይችልምና።

ሥራውን የሚጀምር ሰው ካሴቶቹን ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ደርድሮ በዓይነትና በትውልድ ይለያቸው። በእያንዳንዱ ላይ የተጻፈውን መለያ ፎቶ ያንሳ፤ መጻፊያውን ይዝጋ። ከዚያ በጣም አስፈላጊውን ሳይሆን ዋጋ የሌለውን አንድ ካሴት መርጦ ማሽኑን በሱ ይሞክር፤ ማሽኑ ክር የሚበላ ከሆነ የሚታወቀው በዚያ ነው። የተነበበውን በሙሉ ሳይመርጥ ወደ ዲስክ ያውርድ፤ ለእያንዳንዱ ፋይል ከይዘቱ ተሰልቶ የሚወጣውን ማረጋገጫ ቁጥር መዝግቦ ከቅጂው ጋር ያኑር። ካሴቱ ሁለት ጊዜ ተሞክሮ እምቢ ካለ ሦስተኛ አይሞክረው፤ ለይቶ፣ በሣጥኑ ላይ ቀኑንና የማሽኑን ዓይነት ጽፎ፣ ለባለሙያ ያቆየው።